ሽበቱ ቀድሞ መጣ

ሊማሊሞን ወጥቶ ከአስመራ ሲመጣ፣
ከስኳር ጆንያ ጋር አቧራ ሲጠጣ፣
ስድስት ቆርቆሮ ነው ሃርላን ቬይል ማለት፤
ፒያሳ ሲወርድ እኔ ነኝ የምፈርምለት።

ሰው ሁሉ ተወልዶ፣ አድጎ ነው የሚያረጅ፤
እሱ ግን እኛ ዘንድ አልሆነም እንደ ሰው ልጅ።
ሽበቱ ቀድሞ መጣ፣ በሐምሌ፣ በዝናብ፤
በጥር ጎልማሳ ሆነ፣ ትከሻው የሚስብ፤
ለፋሲካ ደግሞ ለጋ ጎረምሳ፣
የመጀመሪያ ፍቅሩን ገና ያልረሳ።
አከፋፋዩ ነው ዕድሜውን የበተነው፣
አስመራ የቀበረውን ጎንደር የምንድረው።

ፈረስ ሲጋልብ ግን፣ ፊት የተቀመጡ፣
ከአዘዞ በእግራቸው ለቅዳሜ የመጡ፣
ባላምባራስ ውባንተ፣ ሳል እያቋረጣቸው፣
«ይኸ ሰው ፈረስ ይፈራል» አሉ ላጠገባቸው።
«ልጓሙን እዩልኝ፣ አያያዙ የእንግዳ፤
ፈረሱም አውቆታል፣ ጆሮውን አጥፎታል፣ እንደ ደረሰ ዕዳ።»
አዳራሹ ሳቀ። ጀግናው ሜዳውን ጋለበ።
እኔ ግን ያን ቃል ይዤ ሌሊቱን ልቤ አሰበ።

አራተኛው ጥቅል ላይ፣ ብርጭቆ የሚያነሣበት፣
ሁልጊዜ የሚበጠስ፣ ሙጫ የማልቆጥብለት፣
ሃያ አራቱን ምስል፣ በመስኮቱ ብርሃን፣
አንድ በአንድ ሳየው
ጣቱ ይንቀጠቀጣል። አየሁት፣ ብቻዬን።
ሕዝቡ የሚያየው ጀግና ነው፣ ሲጨልጥ በእርጋታ፤
እኔ ያየሁት ሰው ብርጭቆ ይለምናል፣ ትንሽ ቀን፣ ትንሽ ፋታ።

ልብስ ሰፊው ሙጬ ኮቱን ቀድቶ ሰፍቶ፣
ግማሽ ፒያሳ ለብሶት ትከሻውን ነፍቶ፤
እኔም አሰፍቻለሁ፣ አልዋሽም፣ በዱቤ፣
ትኬት ለምትቆርጠው ለአንጓች ብዬ በልቤ።
እሷ እሱን ነው የምታየው፤ እኔ ነኝ ከጓዳ
ባላንጣዬን በመብራት የምስል ከግድግዳ።

አንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ስገዛ፣
በሱ ፊት ጠቅልላ ሰጠችኝ ሴትዮዋ፣ ሳታውቅ፣ እንደ ዋዛ።
የፈረንጅ መጽሔት ነው፣ ዘመን የሻረው፤
የጤና ኮሌጁ ፈንታሁን አነበበልኝ፣ በርበሬ እያስነጠሰው።

ስሙ የሱ አይደለም፤ ቢሮ ነው ያወጣለት፤
ጥርሱን ነቅለው ሌላ ነጭ የተከሉለት፤
በአንድ ውል ወረቀት ሰባት ዓመት የታሰረ፣
ማግባቱም መፍታቱም በጌቶቹ የተመከረ።
አባቱ ከሰል ቆፋሪ፤ ሲቀበር አልደረሰም፤
ያን ቀን የሠርግ ትዕይንት ነበር፣ ሳቁን አላጓደለም።
ሦስተኛ ሚስቱ ከሰሰች፣ ቤቱ ለሐራጅ ወጣ፤
ቀሪውን ገጽ ፍለጋ ገበያ ብመለስ ታጣ፤
የዕንባውን ገጽ ጠቅልላ ለሌላ ሰው ጨው ሸጣ።

ሬዲዮ ተናገረ፣ ማክሰኞ ወደ ማታ፣
ከእህል ዋጋ ቀጥሎ፣ በአንድ ትንፋሽ ቆይታ፦
በኪራይ ክፍል ውስጥ፣ ብቻውን፣ አለቀ።
አቶ ዱባለ አልሰሙ፣ አንጓች አልሰማችም፣
ቀሀም አልደረቀ።

ቅዳሜ ማታ ግን የደረሰን ጥቅል
ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሪዙ ገና የሚበቅል።
ተጨበጨበለት፤ ፉጨት ጣራ ነካ፤
ፈረሱ ብቅ ሲል ጆሮውን አየሁት፣
ያኔም ወደ ኋላ ነው ለካ።
ባላምባራስ የሉም፣ «አላልኳችሁም?» የሚል፤
ወንበራቸው ላይ ሕፃን ተኝቷል፣ ከረሜላ እንደያዘ ያንቀላፋል።

ልነግራቸው ነበር፣ መብራቱን ላበራ፤
እጄን ስዘረጋ ጣቴ ተንቀጠቀጠ፣ እንደሱ፣ በተራ።
መርዶ የሚነግሩት ዘመድ ለሆነ ነው፤
የሱ ዘመድ እዚህ ከኔ ሌላ ማነው?

ሲያልቅ መለስኩና ከጭራው ወደ ራሱ፣
ስድስቱንም አሰርኩ አቧራ እንዳይለብሱ፤
ላዩ ላይ ጻፍኩበት «በጥንቃቄ ይያዝ»፣
በንጋት አውቶቡስ ጫንኩት ከነጋዴ ጓዝ።
ወደ ባሕር ዳር ሄደ።
እዚያ ገና አልሞተም።